ዜሮኛው ኩርባ

አለምነህ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የቤቱ አከራይ ወይዘሮ በለጠች በሩን ገፋ ቢያደርጉት፣ ሰውየውን ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ አገኙት። ማጅራቱን የተመታበት የበር ማስደገፊያ ድንጋይ ከእግሩ ሥር ወድቋል። የሰፈሩን ልጆች ኮምፒውተር ያስተምር ስለነበር ወሬው ደባርቅን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

ኢንስፔክተር የትናየት በአንድ ሰዓት ውስጥ የአለምነህን ረዳት ገዱን አሰረችው። ምክንያት አላጣችም። አለምነህ ይሠራው የነበረው ጨዋታ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ገጹ ሥራው ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠው ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ መሆኑን ያሳያል። እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበር ማለት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ አጠገብ የታየው ደግሞ ረዳት መምህሩ ገዱ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ዕለት ሁለቱ በሰው ፊት ተጣልተዋል። ሐኪሙም ሬሳው በደባርቅ ብርድ ቶሎ ስለቀዘቀዘ የሞተበትን ሰዓት ቆርጦ መናገር አልቻለም። ገዱ ግን «አንኳኳሁ፣ መልስ ሳጣ ተመለስኩ» ከማለት ንቅንቅ አላለም።

እሑድ የገዱ እናት ወለተ ማርያም ከበየዳ መጡ። አላለቀሱም፣ አልለመኑም፤ ጣቢያው ፊት ለፊት ቁጭ ብለው በሩን ማየት ብቻ ሆነ ሥራቸው። ልጃቸው ሰኞ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል። የትናየት የእስሩን ወረቀት የፈረመችው እሷ ናትና፣ በወጣች በገባች ቁጥር የሴትየዋ ዓይን ከበዳት።

ነገሩ አልዋጥ ሲላት ሚናስን አስጠራችው። የሟቹ ጓደኛ ነው። በመጪው ወር ለትምህርት ውጭ አገር ይሄዳል፤ ዕድሉን ያገኘው ሊማሊሞን በሚወርድ የጭነት መኪና ጨዋታ ተወዳድሮ ነው። ጨዋታውን የጻፈው ፓይተን በሚባለው፣ ትእዛዙ መስመር በመስመር በፊደል በሚጻፍበት ቋንቋ ነው። አለምነህ ደግሞ ልጆች እንዲረዱት ወደ ብሎክ እየለወጠው ነበር፤ ብሎክ ማለት ባለቀለም ቁርጥራጮችን እየገጣጠሙ ማዘዝ ነው። ሚናስ ስምንት ሰዓት ላይ ተሰናብቶት ዳባት ወርዶ፣ እስኪመሽ ሻይ ቤት መዋሉን ተናገረ። ወይዘሮ በለጠች ያን ጊዜ ገበያ ስለነበሩ ሲወጣ አላዩትም።

«ብሎኩን አንተም ታግዘው ነበር?» አለችው።

«እኔ? የልጆች መጫወቻ ነው እኮ። በእጄም ነክቼው አላውቅም።»

የትናየት ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው። ቢሆንም ከሟቹ ወንበር ጎን ተቀምጣ ጨዋታውን ከፈተችው። መኪናው ኩርባውን አንድ በአንድ እየዞረ ደህና ወረደ። የመጨረሻው ክፍል፣ ጉም የሚጀምርበት ጋ ሲደርስ ግን ከመንገዱ ዘሎ የኮምፒውተሩ ማያ መሐል ተንጠለጠለ። ብሎኮቹን በስልኳ ፎቶ አንስታ ወደ ገዱ ሄደች።

«ይኼማ የጋሼ አለምነህ ሥራ አይደለም» አለ ገዱ። «እሳቸው እንደነገሩኝ፣ ፓይተን ሲቆጥር የመጀመሪያውን ዜሮ ይለዋል። ብሎክ ግን ከአንድ ነው የሚጀምር። ዜሮኛ ኩርባ ሲጠየቅ ባዶ ይሰጣል፤ መኪናውም መሄጃ ያጣል። እሳቸው ወደ ብሎክ ሲለውጡ ቁጥሩ ላይ ሁሌ አንድ ይጨምሩ ነበር።»

«አንተስ ፓይተኑን ታነባለህ?»

«አላነብም። ሐሙስ የተጣላነው በዚሁ ነው። ተማር አሉኝ፣ እምቢ አልኩ።»

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም የአለምነህ ማስተማሪያ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወለተ ማርያም ከታሰረው ልጃቸው ጎን ቆሙ። የትናየት ሚናስን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ልጆቹ ጨዋታውን እንዲጨርሱ አንዲት የፓይተን መስመር ወደ ብሎክ እንዲለውጥላት ጠየቀችው። በሰው ፊት እምቢ ማለት አልሆነለትም። ገጥሞ አስኬደው፤ መኪናው ዘሎ ማያው መሐል ተንጠለጠለ። የገዱን ካቴና ፈታች። እሱ ዜሮዋን አጥፍቶ አንድ ቢጽፍ መኪናው ኩርባውን ዞረ።

«የጉሙን ክፍል የሠራው ሰው ፓይተን ያነባል፣ የብሎክን አቆጣጠር ግን አያውቅም» አለች። «አለምነህ ሁለቱንም ያውቃል። ገዱ ብሎክ እንጂ ፓይተን አያውቅም። ስለዚህ ያን ክፍል የሠሩት ሁለቱም አይደሉም። ሥራው ኢንተርኔት ላይ ከሆነ ደግሞ፣ የአለምነህን የይለፍ ቃል የያዘ ሰው ዳባት ተቀምጦም መቀጠል ይችላል። ይኼ ሰው አለምነህን ስምንት ሰዓት ላይ ገድሎ፣ እስከ አሥራ አንድ በሕይወት ያለ አስመሰለው። ትናንት ዳባት ሄጄ ነበር። የሻይ ቤቷ አስተናጋጅ ቅዳሜ ለአሥራ አንድ ጥቂት ሲቀረው ላፕቶፕህ ላይ ባለቀለም ቁርጥራጮች አይታለች፣ ሚናስ። ነክቼው አላውቅም ብለኸኝ ነበር።»

ሚናስ ከወንበሩ ተነሳ።

«የጨዋታውን ግማሽ የጻፈው አለምነህ ነው» አለ። «በብሎኩ መክፈቻ ገጽ ላይ ስሙን ከስሜ ጎን ሊጽፍ ነበር። እኔ ያሸነፍኩት ብቻዬን ጻፍኩት ብዬ ነው። ተው ብለው አልሰማኝ አለ።»

ሚናስን ሲወስዱት የትናየት ወደ ወለተ ማርያም ዞረች። ስትመጣ ያሰበችው የይቅርታ ቃል ነበራት። ሴትየዋ የልጃቸውን አንጓ ይዘው ካቴናው የላጠውን ቆዳ እያሻሹ ነው።

«ያሰሩብኝም እርስዎ፣ የፈቱልኝም እርስዎ» አሉ ቀና ሳይሉ። «እንግዲህ የትኛዋን ልመርቅ፣ የኔ እመቤት?»