ስምንት ዕንቁ

ሐረግወይን ብሩን ስትቀበል አውራ ጣቷ ቀድሟት ቆጠረ።

ስምንት።

ፊቷን አልለወጠችም። ከፊቷ የቆመው አለቃዋ ወልደገብርኤል ነው፤ ፊት ማንበብ ያውቃል። ለነቀምት ገበያ እሷ የማርያ ቴሬዛ ብር በክር እየሰካች የአንገት ጌጥ የምትሠራ ሴት ናት። ለአርበኞቹ ግን «ዶቃ» ናት። ጠላት አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ከሀዲዎችን በተከፈላቸው ብር እያሰሰች ታጋልጣለች።

በድሮው ብር የንግሥቲቱ የደረት ጌጥ ዘጠኝ ዕንቁ አለው፤ ጠላት አሁን ያስመታው አንድ ይጎድለዋል። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለአለቃዋ እንኳ «ምልክት አለው» ብላ ብቻ ነበር የላከችለት። ምልክቱ አዲስነቱ መስሎት ብሩን በጭስ አጥቁሮታል፣ ጉደኛው!

«ለስንቅሽ ይሁን» አላት። «ጠመንጃው በየት ነው የሚያልፈው?»

እውነቱን ታውቃለች፤ ሠላሳ ሰው ቀትር ላይ ጠመንጃ ጭኖ በአርጆ መንገድ ይወጣል።

«በአንገር» አለች።

«የበቅሎ ነጂዎቹ አለቃ ዋቅወያ ሲወጣ እዚሁ ቆሜ አየዋለሁ።»

ዋቅወያን በአንገር መንገድ ካላየው ውሸቷን ያውቃል። ሠላሳው ሰው ያልቃል።

ዋቅወያን ጨለለቂ ሰፈር በቅሎ ሲጭን አገኘችው።

«ኦቦ ዋቅወያ፣ አካም ጅርቱ?»

«ነጋ፣ አዴ ሐረጌ። ምነው ፊትሽ?»

«ወልደገብርኤል ተሽጧል። እርስዎን በአንገር ሲወርዱ ማየት አለበት። ጠመንጃው በአርጆ ይሂድ።»

አንገር ላይ ማን እንደሚጠብቀው ሁለቱም ገብቷቸዋል።

«ቶሌ፣ እሺ» አለ። «ድንጋይ ጫኝልኝ እንግዲህ። ባዶ በቅሎ አረማመዷ ያሳብቃል። ሰውየው ደግሞ በቅሎ ሲነግድ ነው ያደገው።»

ድንጋዩን በቆዳ ጠቅልላ በገዛ እጇ ጫነች። አፈረች። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

ጠመንጃው በአርጆ አለፈ። ወልደገብርኤልን በማግስቱ አርበኞች ያዙት። ከአንገር አንዲት በቅሎ ብቻ፣ ድንጋይዋን እንደተሸከመች ተመለሰች።

በሁለተኛው ወር ሐረግወይን ስሟን የሺአረግ ብላ ጊምቢ ገበያ ላይ ብር ልትሰካ ተቀመጠች። አንዲት ሴት ከአንገቷ አንድ ብር ፈትታ ዘረጋችላት።

«ሎሚ እባላለሁ። ይህን ግዢኝ፤ ለመንገዴ ነው። ባሌን ፍለጋ ከነቀምት መጣሁ። በቅሎ ነጂ ነው፣ ዋቅወያ ይሉታል። አታውቂውም?»

አውራ ጣቷ ብሩ ላይ ሄደ። ዘጠኝ። እንደገና ቆጠረች። ዘጠኝ።

ሴትየዋ አልተሸጠችም፤ ጊምቢ ግን የጠላት ጆሮ ሞልቶባታል።

«አላውቀውም፣ እህቴ» አለች።