ብርድ ልብስ የለበሰው በር

ከውጭ ያልተቆለፈ በር እያለ፣ ሰው ለመውጣት ብርድ ልብስ ስለ ምን ይቦጭቃል?

ኢንስፔክተር ሰርካለም ይህን እየጠየቀች በሩን መረመረች። የፊልም ተራኪው ስመኘው ጠዋት ሞቶ የተገኘው ፍኖተ ሰላም፣ ከላቀው ቪዲዮ ቤት ጀርባ ባለው ጓዳ ነው። ጓዳው ድምፅ መቅጃ ስለሆነ ጫጫታ እንዳይገባ ግድግዳውም በሩም ብርድ ልብስ ተወጥሮባቸዋል። የበሩ ግን ተቦጭቆ ወርዷል። ከአስከሬኑ አጠገብ የከሰል ምድጃ ነበር። ሐኪሙ «ጭሱ አፍኖት ነው» አለ። የበሩ መወርወሪያ ያለው በውጭ በኩል ነው፤ ጠዋት ፖሊሶች ሲደርሱ ግን ተከፍቶ ነበር።

ስመኘው የውጭ ፊልም በአማርኛ ይተርክ ነበር። የመጨረሻው ስለ ቁማር ቤት ወንበዴዎች የሚያወራ ሲሆን፣ ለመስቀል በፍላሽ ተቀድቶ እስከ ቡሬ በየቤቱ ሊገባ ነው። ስመኘው «ትንሽ እናቆየው» ብሎ ከላቀው ጋር መጨቃጨቁን ጎረቤት ሰምቷል። ሰርካለም ይህን እንደሰማች ላቀውን በካቴና አስራ በገበያው መሃል ወሰደችው። ባህር ማዶ ሄዳ ስለ ምርመራ የተማረችው እንዲህ አልነበረም።

«ምድጃውን ማን አስገባው?»

«እኔ እንጃ እቴ! እየቀዳ ከሰል? ሲንጣጣ ማይኩ ይሰማዋል ብሎ እኔን እንኳ ቆሎ የሚከለክል ሰው!»

ሰርካለም ካቴናውን አየችና አንገቷን ደፋች።

የሟቹ ሚስት ያምሮት ከአባቷ ከየኔታ ክንፈሚካኤል ጋር ተቀምጣ ነበር። የኔታ ስመኘውን ከልጅነቱ ጀምረው ገበዝ ማርያም ዜማ ያስተማሩት፣ ልጃቸውንም የዳሩለት ናቸው። የጋቢያቸውን ጫፍ ጨብጠው አልለቅ ብለዋል።

«ማታ አልደወለልሽም?»

«አልደወለም። ድቁናውን ትቶ የወንበዴ አፍ ሆነ። ጎረቤት ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ‹ያምሮት፣ ባልሽ ዛሬ ስንት ሰው ገደለ?›»

የሟቹ ስልክ በምስጢር ቁጥር ተቆልፏል። ቀረጻውን ግን ሰርካለም ደጋግማ ሰማችው። ስመኘው «ካርታህን ግለጥ!» እያለ ሲያጓራ በሩ ይከፈታል፤ ወንበር ይጎተታል፤ ከዚያ ድምፁ ይቋረጣል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጓዳው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ላቀው፣ እየቀዳ ስትገባበት ምን ያደርጋል?»

«በእጁ ‹ውጣ› ይለኛል እንጂ ቀና ብሎም አያየኝ።»

«አንቺስ፣ ያምሮት?»

«እኔንም እንደዚያው።»

«ትናንት ግን ከወንበሩ ተነሣ፤ ቀረጻውንም አጠፋ። የገባው ቆሞ የሚቀበለው፣ ያን ጩኸት ሊያሰማው የሚያፍረው ሰው ነው። መቅዳቱን ስላቆመ እሳት አይከለክልም፤ ዝናብ ነበርና ለበሰበሰው እንግዳ ምድጃ አቀረበ። እንግዳው ሲወጣ በሩን ከውጭ ቀረቀረ። ስመኘው ጭሱ ሲበረታበት መውጫ ፈልጎ የበሩን ብርድ ልብስ ቦጨቀ። ጠዋት እንግዳው ተመልሶ ከፈተ፤ ያየውን አይቶ ዝም አለ።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «የኔታ፣ ጋቢዎን ይልቀቁት።»

ለቀቁት። ጫፉ ላይ ፍም የበሳው ቀዳዳ ነበር።

«አስቸጋሪ ተማሪ ሲኖር ዘግተን እናሳድራለን» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። «ልቡ ይመለሳል፤ ጠዋት ይቅርታ ይላል። ‹በየሰው ቤት በዚህ ድምፅ ልትጮህ ነው ወይ?› ብዬ ብጠይቀው ይቅርታ አላለኝም። ጢም ማብቀሉን ረሳሁ። እሳቱንም ረሳሁ። ኪዳን አድርሼ ስመጣ... ለሰው መናገር አፈርኩ።»

«በላቀው እጅ ላይ ካቴና ሲያዩስ?»

ሰርካለም ላቀውን ፈታችው።

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«የወሰድሽኝ በገበያ መሃል፤ ይቅርታው በጓዳ?» አላትና ወጣ።

ልትከተለው ስትል ያምሮት ክንዷን ያዘቻት። ስልኳን ሰጠቻት።

«አልደወለም ያልኩሽ እውነቴን ነው። ጽፎልኝ ነበር። ‹ይበለው› ብዬ ተኛሁ።»

የስመኘው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ያምሮቴ፣ አባባ ዘግተውብኝ ሄዱ። ሰው ሳይሰማ ቀስ ብለሽ መጥተሽ ክፈችልኝ።»

ሰርካለም የያምሮትን መልስ ፍለጋ ስክሪኑን በጣቷ ገፋችው። ከመልእክቱ ሥር ምንም አልተጻፈም።