የሳያሚዟ ጥቁር ጎን

ጡረተኛው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ገብረ ኪዳን ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ቤታቸው አልጋቸው ላይ ሞተው ሲገኙ፣ ጠፍጣፋ አፍንጫ ያላት ፐርሺያን ድመታቸው እግራቸው ሥር ዝም ብላ ተኝታ ነበር። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም፣ መርዝ ለሁለት ወር በጥቂት በጥቂቱ ከምግባቸው ጋር ሲሰጣቸው እንደቆየ አረጋገጠ።

ምግብ አብሳያቸው ደስታነሽ ታሰረች። ተከራያቸው መምህር የሽዋስ የሚመገበው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የወንድማቸው ልጅና ወራሻቸው ዓለምነው ደግሞ ሁለቱንም ወር ዓባይ በረሃ፣ እርሻዬ ላይ ነበርኩ ብሏል።

ኢንስፔክተር እስከዳር ነገሩ አልተዋጠላትም። ጣቢያ ሄዳ ደስታነሽን አነጋገረቻት።

«እትዬ፣ በእነዚህ ሁለት ወራት ዓለምነው ዕቃውን ከቆለፈበት የጓሮ ሰርቪስ ቤት ሕፃን ያለቅስ ነበር። ለጋሼ ብነግራቸው ‹ጠበል ሂጂ› ብለው ሳቁብኝ። አሁንማ ማን ይሰማኛል?»

እስከዳር ወደ ሟች ቤት ተመለሰች። ዓለምነው ክሬም መልክ ያላትን ሳያሚዝ ድመት ታቅፎ ተቀምጧል። በግራ ጎኗ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ጠጉር አለ።

«ምን ነክቷት ነው?»

«ከሁለት ወር በፊት ቆስላ አጎቴ ላጭተው ሰፉላት። ብርድ እንዳይጎዳት ብዬ ያኔውኑ ቆላ ይዣት ወረድኩ። ጠጉሯ እዚያው በቀለ፤ ለቀብር ይዣት መጣሁ።»

እስከዳር የሽዋስን ለብቻው ስለ ድመቶቹ ጠየቀችው። ዶክተሩ ማታ ማታ ስለ ዘራቸው ሲያጫውቱት የሰማውን ሁሉ ነገራት። ከዚያ ደስታነሽን አስመጥታ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች።

«የሳያሚዝ ዘር ሲያም ከሚባል ሞቃት አገር የመጣ ነው» አለች። «ስትወለድ ነጭ ናት። የሚጠቁረው ገላዋ የሚቀዘቅዝበት ቦታ ነው፤ ጆሮዋ፣ አፍንጫዋ፣ ጅራቷ። የተላጨ ጎኗም በሙቀት ቢበቅል ነጣ ይላል፤ በብርድ ከሆነ ይጠቁራል።»

«ታዲያ?» አለ ዓለምነው።

«ታዲያማ ድመትህ ቅኔ ናት። ሰሟ ቆላ፣ ወርቋ ደጋ።»

የሽዋስ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ዋጠው።

እስከዳር ቀጠለች። ድመቷ ዓባይ በረሃን አላየችም፤ የከረመችው ፀሐይ በማይገባበት በዚያ ሰርቪስ ቤት ነው። ቁልፉ ያለው ዓለምነው ጋ ብቻ ነው፤ የጓሮው በር ደግሞ በቀጥታ ማድ ቤት ያስገባል። ድመቷን እየመገበ እዚያ ተደብቆ የከረመው፣ ምግቡ ላይ መርዝ የጨመረውም እሱ ነው። ፐርሺያኗ ድምፅ የላትም፤ ሳያሚዝ ግን ጩኸቷ የሕፃን ነው።

ዓለምነው የድመቷን ጎን በእጁ ሸፈነ።

«ለምን አልጣልካትም?» አለችው እስከዳር ቀስ ብላ።

«እሷ ምን አደረገችኝ?»

ደስታነሽን ያመጣው ፖሊስ የዓለምነውን ክንድ ሲይዝ ድመቷ ከጭኑ ወርዳ ጮኸች።

«ይኸው» አለች ደስታነሽ፣ እያማተበች። «ያ ሕፃን።»