ሚስስ ማሎይ የፈቱት ቋጠሮ

ታኮማ፣ ኖቬምበር 1943

እማዬ፣ አባዬ፣

ደህና ነኝ፤ የመርከብ ብየዳውንም እየለመድኩት ነው። በመጀመሪያው ቀን የአሰልጣኛችንን የምሳ ሣጥን ከጠረጴዛው ጋር በየድኩት፤ ሰውዬው እስከ ዛሬ ምሳውን የሚበላው እዚያው ጎንበስ ብሎ ነው።

አባዬ «ባውክዬ ያወራችውን ለሁለት ከፍላችሁ እመኑ» እንደሚሉ አውቃለሁ። ቀጥዬ የምጽፈውን ግን አይክፈሉት።

ወተታችንን በካሚዮን ያመላልስ የነበረው ሪንክ ወደ ጦር መርከቡ ሲሄድ በዚህ በኩል አልፎ ነበር። ከሥራ በቀጥታ ወደ ባቡር ጣቢያ ሮጥኩ።

«ይህን ሁሉ ጥላሸት ተቀብተሽ ማን ያገባሻል?» አለኝ።

«ባል ማን ፈለገ? እኔ የቸገረኝ ሳሙና ነው።»

አልሳቀም። ከኪሱ የአያቱን ቀይ መሐረብ አወጣ፤ የብር ሳንቲም ውስጡ ተደርጎ ላላ ብሎ ተቋጥሯል። እማዬ፣ አባዬ እንድታገቢያቸው ሲጠይቁ ለአንቺ እንደሰጡሽ ሰማያዊ መሐረብ ዓይነት።

ቋጠሮውን ላጠብቀው ስል እጄ ላይ ያለው የቆዳ ጓንት ወፍራም ሆነብኝ። በጥርሴ ጎትቼ ሳላወልቀው ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሪንክ በመስኮት ሆኖ የሚያየው ፊቴን ሳይሆን እጄን ነበር።

«አድራሻዬ አብሮት አለ። መልሱን በፖስታ ላኪልኝ» አለ።

በዕረፍት ፈቃድ ወደ ቤት ስመጣ ቋጠሮውን እፊታችሁ ላጠብቀው ብዬ ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አከራዬ ሚስስ ማሎይ በር ላይ ጠበቁኝ፤ ደስ ብሏቸዋል።

«የዚያን መርከበኛ መሐረብ አጥቤ፣ ተኩሼ ላኩለት። ሳንቲሙንም ጨምሬለታለሁ፤ ምስኪን ነው መሰለኝ።»

«ፈቱት?»

«ታዲያ ሳልፈታው እንዴት ይተኮሳል ልጄ?»

በእኛ ወግ ለጋብቻ የተጠየቀችው ሴት እሺ ስትል ቋጠሮውን እንደምታጠብቅ፣ እምቢ ስትል ፈታ እንደምትመልስ ነገርኳቸው። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«እና በአንቺ ስም እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ?»

«አዎ፤ በደንብ ተተኩሶ።»

ሲያለቅሱ እኔው አባበልኳቸው። እኔን የሚያባብል ግን አልነበረም።

በማግስቱ ቀጭን የብረት ዘንግ በእሳት አግዬ ቋጠርኩና መገናኛውን ዙሪያውን በየድኩት። አሰልጣኙ አንስቶ አገላበጠው።

«ይህ ደግሞ የየትኛው መርከብ ዕቃ ነው?»

«የሪንክ።»

«ሪንክ የሚባል መርከብ የለንም» አለ። መልሶ እጄ ላይ አኖረው። «ቢሆንም የሚፈታው ሰው አልተወለደም።»

ያንኑ ላክሁለት። የትኛው ባሕር ላይ እንዳለ አላውቅም፤ ይድረሰው አይድረሰውም እንዲሁ። የተተኮሰው መሐረብ ግን ቀድሞት ሄዷል። የብየዳው ጭንብል አንድ ደግነት አለው፤ ከሥሩ ሆነሽ ብታለቅሺ ማንም ዓይንሽን አያይም።

ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውሩን ስለሚችሉ አሁንም ከፈለገኝ መሐረቡን ዳግም ቋጥሮ በእናንተ አድራሻ እንዲልከው ጽፌለታለሁ። እማዬ፣ የፖስታ ሣጥኑን በየቀኑ እይልኝ። ቀይ መሐረብ ተቋጥሮ ከመጣ እንዳትፈቺው። ቢቆሽሽም እንዳታጥቢው። ከአንቺ ሰማያዊ ጎን መሳቢያው ውስጥ አኑሪልኝ፤ መጥቼ ቋጠሮውን ራሴ አጠብቀዋለሁ።

አባዬ፣ የምሳ ሣጥኑን ወሬ ግማሹን ይመኑ። የቀረውን ሙሉውን።

ልጃችሁ ባውክዬ