የአብቲ ወርሳሜ ሁለት ፍየሎች

«‹ጀልዴሳ የሚኖር አንድ አባት ስምንት ልጆች ወልዶ ዛሬ የሚያበላቸው አጥቷል። ይህን ሰው ያስራበው ድርቅ አይደለም፤ ሳያስብ መውለዱ ነው።›» ስምረት ወረቀቱን አጠፈችና ሳቀች። «እንዴት ነው? እነፈሃድ በዚህ ካልተዘረሩ ስሜን ቀይሪው!»

ሀምዲያ አልሳቀችም። የስምንቱ ልጆች አባት ማን እንደሆነ ታውቃለች። ገጠር ጀልዴሳ የሚኖረው የእናቷ ወንድም ወርሳሜ ነው። ልጆቹ በቀን አንዴ ብቻ መብላት መጀመራቸውን ባለፈው ሳምንት በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር እየሄዱ ለስምረት የነገረቻት ራሷ ናት። ሆዷ ቢባባባት ለጓደኛዋ ተነፈሰች እንጂ ለክርክር ይሁንሽ አላለቻትም።

«ይሄ እኮ የኔ አጎት ነው» አለች።

«ስሙን ጠራሁ? አቦ አታካብጂ! ደግሞስ ውሸት ነው? ስምንት አይደሉም?»

«ስምንት ናቸው።»

«በቃ! ምሳሌውን የምታነቢው አንቺ ነሽ። ድምፅሽ ያስለቅሳል።»

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው። የክርክሩ ርዕስ «ለረሃብና ለድህነት ዋናው ምክንያት የሕዝብ ብዛት ነው ወይስ የምግብ ዋጋ መወደድ?» የሚል ሲሆን፣ ለሀምዲያና ለስምረት በዕጣ የደረሳቸው የሕዝብ ብዛት፣ ለተጋጣሚዎቻቸው ለእነፈሃድ ደግሞ የዋጋ መወደድ ነው። ያሸነፉት ጥንድ ትምህርት ቤቱን ወክለው ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ይወዳደራሉ። ስምረት ለዚህ ስትል እንቅልፍ አጥታ ከርማለች። ሀምዲያን ከሁሉ በላይ ያናደዳት ግን «ስምንት አይደሉም?» ለሚለው መልስ ማጣቷ ነው።

በማግስቱ የሚማሩት ከሰዓት ስለነበር፣ ጠዋት እናቷ ከወርሳሜ ጋር ወደ ፍየል ገበያ ላከቻት። ሁለት ፍየሎች ይዞ መጥቷል፤ እነሱን ሸጦ ማሽላ ይገዛል።

«አብቲ፣ ገመዱን ጠበቅ አድርጊ» አላት። በሶማሌ ወግ አጎትም የእህቱን ልጅ፣ እሷም እሱን «አብቲ» ነው የሚባባሉት።

ገበያው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ዝናቡ ስለቀረ የገጠሩ ሰው ሁሉ ከብቱ ሳይሞትበት ሊሸጥ ወጥቷል፤ ገዢ ግን ጥቂት ነው። ዒጋል የሚባል ደላላ መጣና የወርሳሜን እጅ ጨብጦ የትከሻውን ፎጣ በላዩ ጣለበት። በዚህ ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። በጨርቅ ሥር በጣት ነው የሚነጋገሩት። አንዱ ደላላ የሰጠውን ሌላው ስለማያውቅ፣ ሻጩ ካልተስማማው ለሚቀጥለው እጁን ይሰጣል።

ወርሳሜ ፊቱ ዳመነ። ወደ ሀምዲያ ጎንበስ ብሎ የተሰጠውን ዋጋ በጆሮዋ ነገራት። ከትናንት ጀምሮ ሲንተከተክ ያደረው ንዴቷ ገነፈለ።

«ለሁለቱም?» ብላ ጮኸች። ዋጋውን በቁጥር ጠርታ ደገመችው። «ይሄ ሌብነት ነው ወላሂ!»

ዙሪያውን ተራ ይጠብቁ የነበሩት ደላሎች ሁሉ ሰሙ። አንዱ ሳቀ። ዒጋል ፎጣውን ሰብስቦ ትከሻው ላይ መለሰ።

«ሃየ፣ ከተማው ሁሉ ሰማ! ከዚህ በላይ የሚሰጥህ ካገኘህ ሽጥለት።»

አላገኘም። ከዚያ በኋላ የመጡት ደላሎች ፎጣ እንኳ አላወረዱም፤ ዋጋውን ያውቁታል፣ ማን ሞኝ ነው ጨምሮ የሚሰጥ? ፀሐይዋ መጋረፍ ስትጀምር ወርሳሜ ራሱ ዒጋልን ፈልጎ ሄደ። ዒጋል ፍየሎቹን ከመጀመሪያውም ቀንሶ ገዛቸው።

«አብቲ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁብህ» አለች ሀምዲያ። እንባዋ መጣ።

«ተይው። ዛሬ ሁሉም ሻጭ ነው» አላት፤ ፊቷን ግን አላየም።

እህል መሸጫው ውስጥ ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሀምዲያ አንጋጣ አየችው። ይህ ሁሉ ማሽላ እዚህ ተቆልሎ እነዚያ ልጆች በቀን አንዴ ይበላሉ! የሁለቱ ፍየሎች ዋጋ የጆንያ ግማሽ እንኳ አልሞላም።

«አምና እኮ አንድ ፍየል ሸጬ አንድ ጆንያ ጭኜ ነው የተመለስኩት» አለ ወርሳሜ።

ነጋዴው ከስልኩ ቀና አላለም። «ታዲያ አምና ሄደህ ግዛ!»

ሀምዲያ አፏን ከፈተች፤ ፍየል ገበያው ላይ ያደረሰችው ጉዳት ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። ወርሳሜ የደረሰውን ማሽላ አሰፍሮ ተሸከመ።

«ትምህርት የለሽም?» አላት መንገድ ላይ።

«አለ። ክርክር አለብን።»

«ስለ ምን?»

«ስለ… ረሃብ።»

ወርሳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ገበያውን ሁሉ ጸጥ ያሰኘሽ ልጅ ለክርክር ታንሻለሽ? አሸንፊያቸው አብቲ!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ከሰዓት አዳራሹ በሙቀት ታፍኗል። ስምረት ጀመረች። መሬቱ ያው ነው፣ ሰው ግን ይጨምራል አለች፤ ጥሩ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ ተጨበጨበላት። ቀጥሎ ክርክሩን የሚመራው ቲቸር ኒቆዲሞስ ሀምዲያን ጠራ።

ሀምዲያ ተነስታ ወረቀቱን አነበበች። ጀልዴሳ የሚኖር አንድ አባት። ስምንት ልጆች። «ሳያስብ መውለዱ ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ ከኋላ አንዱ «እንደ ፍየል!» አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስምረት ከጠረጴዛው ሥር አውራ ጣቷን አሳየቻት።

ሀምዲያ ወረቀቱን ስምረት ፊት አስቀመጠችው። ከዚያ ወንበሯን አነሳች። የእነፈሃድ ጠረጴዛ ጋ ወስዳ አኖረችው። ፈሃድ ግራ ገብቶት ጠጋ አለላት።

«ሀምዲያ! አቦ ምን ሆንሽ?» ስምረት ከወንበሯ ብድግ አለች።

«የደረሰሽ ወገን ያኛው ነው» አለ ቲቸር ኒቆዲሞስ። «ተመለሽ። አለዚያ ዜሮ ነው የምሰጥሽ።»

«ይሁን ቲቸር።»

ሳቁ ቆመ። ሀምዲያ አልተቀመጠችም። 

«የተሳቀበት ሰው አጎቴ ነው» አለች። «ዛሬ ጠዋት ሁለት ፍየሎች ሸጦ ግማሽ ጆንያ ማሽላ መግዛት አቃተው። አምና በአንድ ፍየል አንድ ጆንያ ገዝቷል።» ወደ ስምረት ዞረች። «ልጆቹ ስምንት አይደሉም ወይ አልሽኝ አይደል? አዎ፣ ስምንት ናቸው። አምናም ስምንት ነበሩ።»

ስምረት ፊቷ ያለውን ወረቀት አጠፈችና ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።