እሳት የለውም

ታላቅ ወንድሜ የዋጋ ገማቹን ጭንቅላት ከአባታችን የስፖርት መኪና ኮፈን ጋር ሲያላትመው መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ቀለሙን!» የሚል ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቀጥሎ ግን ሰውዬውን አየሁት፤ ከአፍንጫው ደም እየወረደ የወደቀ መነጽሩን በእጁ ይዳስሳል።

«ሌባ! በመጣህ ቁጥር እሳት የለውም፣ አይነሳም ትላለህ!» ወንድሜ ዐይኑ ደም ለብሶ ኮሌታውን አንቆታል። «አንተው አበላሽተህ፣ ዋጋውን ጥለህ፣ አንተው ልትገዛው!»

ገማቹ ቀና ብሎ እኔን አየኝና ዐይኑን ወደ መሬት መለሰ። ያ አስተያየቱ አንጀቴን በላው።

መኪናው እኮ ምንም አልነበረበትም። አባቴ ከመሞቱ በፊት ሙያውን አስተምሮኝ ስለነበር ካንዴላዎቹን ያጸዳሁትም፣ ቦቢናውን የቀየርኩትም እኔ ነኝ። ግን ገማቹ ሊመጣ ሲል ሞተሩን የሚያስነሳውን እሳት ለካንዴላዎቹ የምታከፋፍለውን ትንሿን ሮተር ነቅዬ ኪሴ እከታታለሁ። የማይነሳ መኪና አይገመትም፤ ካልተገመተ ደግሞ ወንድሜ አይሸጠውም። መጀመሪያ ለአባቴ መኪና ብዬ ነበር። በኋላ ግን ገማቹ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እንግዲህ ተመልሼ መምጣቴ ነው» ብሎ ሲያየኝ፣ መኪናውንም አባቴንም ረሳኋቸው።

ወንድሜ የክሪኩን ዘንግ አነሳ።

«ጋሼ፣ ተው!» ብዬ መሃላቸው ገባሁ። ዘንጉ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ አጥንቴ ሲንቋቋ ሰማሁት። እየጮህኩ በደህናው እጄ ሮተሯን አውጥቼ ደረቱ ላይ ወረወርኩበት።

«እኔ ነኝ የደበቅኋት! ሌባ የምትል ከሆነ እኔን በለኝ!»

ሮተሯንም፣ የተንጠለጠለ ክንዴንም አየ። ደነገጠ መሰለኝ። ይቅርታ ማለት ግን አያውቅበትም፤ ዞሮ የመኪናውን የፊት መስታወት አደቀቀው፣ መብራቶቹን ሰባበራቸው፣ በሮቹን አጎደጎዳቸው።

«እንኪ! ውሰጂው! ሁለታችሁም ከዐይኔ ጥፉ!» ዘንጉን ወርውሮ ወጣ።

ገማቹ መነጽሩን አጥልቆ ሮተሯን ከስብርባሪው መሃል ለቅሞ በሸሚዙ ጠረጋት።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቄ ነበር» አለኝ። «የማከፋፈያውን ክዳን ስከፍተው የሮተሯ ቦታ ባዶ ነበር።»

«ታዲያ እየተደበደብክ እንኳ ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺን አሳልፌ ልስጥ? ቀድሞስ ብናገር በምን ሰበብ ልመጣ ነበር?»

ሮተሯን ቦታዋ መለሳት። ቁልፉን አዞርኩ፤ መኪናው በአንዴ ተነሳ። ትከሻዬ እየነደደ አለቀስኩ፣ ሳቅሁም።

«እሺ ገማቹ፣ ስንት ያወጣል?»

የረገፈውን መስታወት፣ የጎደጎዱትን በሮች አንድ በአንድ አየ። ከንፈሩ አብጧል፤ ሲስቅ ጥርሱ በደም ቀልቷል።

«ከእንግዲህ ማንም አይገዛህም» አለው መኪናውን።

ወደ ሐኪም ቤት የነዳው እሱ ነው፤ ነፋሱ ፊታችንን እየገረፈን፣ እጄን ሳይለቅ።