የትንሿ በር ጽጌረዳ

ሁለቱ ወንድማማች መሳፍንት ስለ አንድ ዙፋን በተዋጉ በሦስተኛው ዓመት፣ ብርዱ ለቆ ጸደይ በገባ ሰሞን፣ የታናሽየው ወገን በነበረችው ከተማ ሰው ጥላውን እንኳ እየጠረጠረ ይሄድ ነበር። የታላቅየው ጦር ከወንዙ ማዶ ሰፍሯል፤ ቅጥሩ ጽኑ ስለ ነበረ የሚፈራው ግን የውጩ ሳይሆን የውስጡ ነበር። ስለዚህ ገዥው የበሮቹን ቁልፍ ሁሉ ሰብስቦ በገዛ አንገቱ አንጠለጠለ፤ ከዘቡ አለቃ ጀምሮ እስከ ወጥ ቤቶቹ ድረስም ማደሪያቸው በየጊዜው እንዲበረበር አዘዘ። ጎረቤት "እንደምን አደርክ" ቢል "ምን ፈልጎ ነው?" ይባል ጀመር።

የገዥውን ግቢ አትክልት የምትጠብቀው ሴት "ማጭድ" ትባል ነበር። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው የሚሉ ነበሩ፤ የቀመሷት ግን በምላሷ መሆኑን ያውቃሉ። ባሏ ቅጥሩ ላይ በጥይት ከወደቀ ወዲህ ሥራውን ከነመሣሪያው ወርሳ፣ ከዋርሳዋ ከባሏ ታናሽ ወንድም ጋር ትሠራ ነበር። እሱ ውሃ ይቀዳል፣ አፈር ይሸከማል፣ ለሁለት ሰው የሚከብደውን ብቻውን ያነሣል። ከሰሞኑ ግን አንደበቱ ተዘግቶ፣ አመሻሽ ላይ ሳይናገር ውልቅ ማለት አብዝቶ ነበር።

በግቢው ዙሪያ፣ በየበሩ አጠገብ፣ ከወገባቸው በተቆረጡ የእንጨት በርሜሎች ጽጌረዳ ተተክሏል። በበርሜል ያደገ ተክል መሄጃ ሲያጣ ሥሩን በራሱ ላይ እየጠመጠመ ራሱን ያንቃል፤ ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ፣ ቅጠሉ ሳይፈነዳ ተነቅሎ፣ ዳር ዳሩን ሥሩ ተቆርጦ፣ አዲስ አፈር ለብሶ ይመለሳል።

አንድ ጧት ዋርሳዋ ወደ ምንጩ ወርዶ ሳለ፣ ማጭድ ከከተማይቱ ቅጥር ውጭ ከምታወጣው ከትንሿ የጓሮ በር አጠገብ ያለውን በርሜል በጎኑ አጋደመች፤ ጠርዙን በእንጨት መዶሻ መታ መታ አድርጋ ጽጌረዳውን ከነአፈሩ ስባ አወጣችው። ቢላዋዋን ልታሳርፍ ስትል እጇ ቀጥ አለ። በአንድ ወገን ሥሩ ቀድሞ ተቆርጧል፤ የተቆረጠበት ገና ነጭ ነው፤ እሷ ግን አልነካችውም። በጣቶቿ ብትምስ በዘይት በተነከረ ቆዳ የተጠቀለለ ቁልፍ ወጣ። ግራ ቀኙን አየችና በትንሿ በር ሞከረችው። ዞረ። ቶሎ ነቅላ ከመቀነቷ ሸጎጠችው።

"እነዚህን በርሜሎች ከእኔና ከእሱ በቀር ማን ይነካል?" አለች በልቧ።

ዋርሳዋ ሲመለስ አፈር እያሸች ጠበቀችው።

"አመሻሽ ላይ የት ነው የምትሄደው?"

"የትም።"

"የትም የሚባል ሰፈር አላውቅም።"

አቀረቀረ። "ቆዳ ፋቂዎቹ ሰፈር ነው። አንዲት ሴት አለች። የወንድሜ ሐዘን ሳይወጣ ስለ ሠርግ ማውራት አፍሬ እንጂ ልነግርሽ ነበር፣ እትዬ።"

ጥርጣሬ አንዴ ከገባ እውነትም የውሸት ልብስ ለብሶ ይታያል፤ ማጭድም "እንዴት ያለ የተዋበ ውሸት ነው" ብላ አሰበች። መሣሪያዋን ጣል አድርጋ ወደ ዘቡ አለቃ ሄደች። የባሏን አስከሬን ከቅጥሩ ተሸክሞ ያወረደላት እሱ ነበርና ታምነው ነበር።

አለቃው በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ሽጉጡን ይወለውላል።

"ጌታዬ፣ ከአንድ ጽጌረዳ ሥር ቁልፍ አግኝቻለሁ፤ የጠረጠርኩትም ዋርሳዬን ነው።"

"ለሌላ ሰው ተናግረሻል?"

"ለማንም።"

መወልወሉን ሳያቋርጥ፣ "ደግ አደረግሽ" አላት። "በይ ሂጂና እዚያው ትንሿ በር ጋ መልሰሽ ቅበሪው፤ ሊወስደው ሲመጣ እንይዘዋለን። የእሱን ነገር ለእኔ ተይው።"

ማጭድ ወደ መቀነቷ የላከችው እጅ እዚያው ቀረ። በርሜል የሌለበት በር በግቢው አልነበረም፤ የቱ እንደሆነ ደግሞ አልነገረችውም።

"እሺ ጌታዬ፤ እርስዎ እንዳሉ።"

ደረጃውን እየወረደች አሰላሰለች። ለገዥው ብትናገር ማን ያምናታል? ቁልፉ በመቀነቷ፣ በርሜሉ የራሷ። ጠላት ነው ብላ አሳልፋ የሰጠችው ሰው ብቻ ነበር የቀራት።

ዋርሳዋን ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ አግኝታ ሁሉንም በሹክሹክታ ነገረችው። ስታበቃ፣ "ስሜን ሰጠሽው?" አላት።

"ሰጠሁት።"

አፈር የለበሱ እጆቹን በልብሱ ጠረገ። "ቁልፉን አምጪው።"

"ምን ልታደርገው?"

"እዚህ ከተገኘ አንገትሽ ነው። እኔ እንደሆነ ተሰጥቻለሁ።"

ቁልፉን በባዶው የውሃ ስልቻ ከትቶ፣ ስልቻውን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ እንደ ወትሮው ወደ ምንጩ የሚወርድ መስሎ በትልቁ በር ወጣ። ዘቡ የለመደው ሰው ነበርና ቀና ብሎም አላየው። ዋርሳዋ በዚያው ቀረ። እሷም የአለቃው መስኮት በላይዋ ተከፍቶ ሳለ፣ ቁልፉን መልሳ የቀበረች መስላ፣ ሥሩን ቆርጣ፣ ጽጌረዳውን መልሳ ተክላ፣ ውሃ አጠጣችው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ወገግ ሲል፣ የታላቅየው ምርጥ ጭፍራ በትንሿ በር ሥር ተጠግቶ መከፈቷን ይጠባበቅ ጀመር። ማጭድ ከመሣሪያ ቤቱ ሆና አለቃው ጽጌረዳውን ሲነቅል፣ አፈሩን በሁለት እጁ ሲበትን፣ ባዶ እጁን ሲቀር አየችው። በዚህ መካከል ብርሃን ሆነ፤ በቅጥሩ ላይ ያሉት ዘቦች ጠላትን አይተው ተኮሱ። አለቃውም ሌላ መንገድ ቢያጣ፣ ጭቃ በያዘ እጁ ጎራዴውን መዝዞ ቅጥሩ ላይ ወጣና ከሁሉ ይልቅ ጮኾ ተዋጋ። ጭፍራው አለቀ፤ ከተማይቱ ዳነች።

ገዥው ስለ ተነቀለው ጽጌረዳ ሲጠይቅ አለቃው፣ "ውሃ ቀጂው የትንሿን በር ቁልፍ አስቀርጾ ቀብሮት ነበር፤ ስደርስበት ይዞት ኮበለለ" አለ። ወደ ማጭድም ዞሮ፣ "አንቺ ራስሽ አልነገርሽኝምን?" አላት።

"ነግሬዎት ነበር፤ ነገር ግን ተሳስቼ፣ ቁልፉን የቀበረውስ…"

"በቃ" አለ ገዥው። የሚፈልገውን ቃል ሰምቷል።

በማግሥቱ ማጭድ ወደ ቆዳ ፋቂዎቹ ሰፈር ወረደች። እየጠየቀች ሄዳ አንዲት ሴት ቆዳ ስትወጥር አገኘች።

"እትዬ አንቺ ነሽ?" አለቻት ሴቲቱ። "አንቺን እስኪያስፈቅድ ነበር የምንጠብቀው። ደኅና ነው?"

ማጭድ አጠገቧ ተቀምጣ የቆዳውን ሌላ ጫፍ ያዘችላት።

ትንሿ በር በአለቃው ስም ተጠራች። የውሃ ቀጂው ስም ግን የከሃዲ መሰደቢያ ሆኖ ከልጅ ወደ ልጅ አለፈ፤ የት እንደ ደረሰ የሰማ የለም። ማጭድ እስክታረጅ ድረስ ለሰማትም ላልሰማትም እውነቱን ተናገረች፤ ሰው ግን "ለዋርሳዋ ታደላለች" እያለ አለፋት። የዘመኑ ጸሐፊም ስለዚያ ጸደይ ሲጽፍ፣ "በከሃዲው ላይ ከገዛ ቤቱ አንዲት ሴት መሰከረችበት" ብሎ አለፈ። በዕድሜዋ ከተናገረችው ሁሉ ታሪክ የተቀበላት ይህንኑ ብቻ ነው።